የምክር ዓምድ፦ ከእርዳታው ደብዳቤ ውስጥ ስጦታው የቱ ነው፣ ዕዳውስ?

ጥያቄ

«ጋሼ፣ ዕድሜዬ 22 ነው። በዲቪ ወደ አሜሪካ ከመጣሁ 14 ወር ሆነኝ፤ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከአክስቴ ጋር ነው። ጡረታ የወጡት መምህር አባቴና የቤት እመቤት የሆኑት እናቴ ያሉት ደሴ ነው። በሳምንት 40 ሰዓት መኪና ማቆሚያ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ሆኜ እሠራለሁ። ነርስ መሆን ስለምፈልግ በካውንቲያችን ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተመዝግቤ ፋፍሳ የሚባለውን የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ ሞላሁ፤ ወላጆቼ እዚህ ስለሌሉ በእናት ቦታ ሁለት ሥራ የሚሠሩትን አክስቴን አስገባሁ። ፎርሙን የሞላልኝ ሰው 150 ዶላር አስከፈለኝ። አሁን ከኮሌጁ የመጣው ደብዳቤ ‹ፔል ግራንት 1,900፣ ሰብሲዳይዝድ ሎን 3,500፣ አንሰብሲዳይዝድ ሎን 2,000፣ ድምር 7,400 ዶላር› ይላል። የዓመቱ የትምህርት ክፍያዬ 5,400 ዶላር ነው። የአክስቴ ልጅ ‹ሁሉንም ተቀበዪ፣ የተረፈው ሪፈንድ ሆኖ ይመጣልሻል፣ እኔ መኪናዬን የገዛሁት በሱ ነው› ይለኛል። አክስቴ ግን ‹ብድር የሚባል እንዳትነኪ፣ ዕቁብ ግቢና ክፈዪ› ይሉኛል። አባቴ በስልክ ‹እንደ ወንድምሽ ወጪ መጋራት ነው እንዴ?› ብለው ሲጠይቁኝ መልስ አጣሁ። አንድ የግል ትምህርት ቤት ደግሞ ሐበሻ ሱቅ ውስጥ በለጠፈው ማስታወቂያ በ10 ወር፣ በ19,000 ዶላር የሕክምና ረዳት አደርጋለሁ ይላል። ምን ላድርግ?

ግራ የገባት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ»

መልስ

ውድ እህቴ፣

ጋሼ ብለሽ ስለጻፍሽልኝ እኔም አንቺ እያልኩ እመልስልሻለሁ። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ጊዜያት ሐሳቤ ሁሉ ብድሩ ላይ ነበር፤ በሦስተኛው ግን ዓይኔ ያረፈው አንቺ በመሃል ጣል አድርገሽ ባለፍሻት አንዲት ሐረግ ላይ ነው፤ «በእናት ቦታ አክስቴን አስገባሁ» በምትለው። ከአክስትሽና ከልጃቸው የማን ምክር ይሻላል ብለን ከመሟገታችን በፊት ይህ መስተካከል ይኖርበታል፤ ሁለቱም የሚከራከሩት መጀመሪያውኑ በተሳሳተ ቁጥር ላይ ነውና።

የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ሕግ ወላጅ የሚለው የወለደንን ወይም በሕግ ጉዲፈቻ የወሰደንን ሰው ነው። አክስት፣ አጎት፣ አያት ወይም ታላቅ እህት በቤታቸው ቢያኖሩንም፣ ቢያበሉንና ቢያለብሱንም፣ በጉዲፈቻ ካልወሰዱን በስተቀር በዚያ ፎርም ላይ እንደ ወላጅ አይገቡም። አክስት እናት በምትሆንበት ቤት ላደገ ሰው ይህ ድንበር ለጆሮ ይከብዳል፤ ስለዚህ ስህተቱን አንቺ ብቻ የሠራሽው አይምሰልሽ፤ በእጄ ካለፉ የወገኖቻችን ጥያቄዎች ይህን ያህል ደጋግሜ ያየሁት የለም። በሌላ በኩል ዕድሜሽ 24 ስላልሞላ፣ ስላላገባሽና የምታሳድጊው ልጅ ስለሌለሽ ሕጉ የሚቆጥርሽ በወላጆቿ እንደምትደገፍ ተማሪ አድርጎ ነው። የራስሽን ደመወዝ መብላትሽም ሆነ የወላጆችሽ ባሕር ማዶ መሆን ይህን አይለውጠውም። ስለዚህ ፎርሙ የሚፈልገው ደሴ ያሉትን አባትሽንና እናትሽን ነው።

አሁን ቁጥሩን ተመልከቺ። የ2025–26 የትምህርት ዘመን ፋፍሳ የሚጠይቀው የ2023ን ገቢ ነው። በ2023 አንቺ ደሴ ነበርሽ፤ አባትሽም የሚያገኙት የመምህር ጡረታቸውን ነበር። መመሪያው የውጭ አገር ገንዘብ ፎርሙ በሚሞላበት ቀን ባለው የምንዛሪ ዋጋ ወደ ዶላር ይለወጥ ስለሚል፣ ብር በጁላይ 2024 ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ደግሞ ምን ላይ እንደደረሰ ስለምታውቂ፣ የአባትሽ የዓመት ጡረታ በዶላር ሲሰላ እዚህ አንድ ሰው በአንድ ወር ከሚያገኘው ያንሳል። ፎርሙ ያየው ግን ሜሪላንድ ውስጥ ሁለት ሥራ የሚሠሩ ሴት ገቢ ነው፤ 1,900 ዶላር ብቻ የመጣልሽም ለዚህ ነው። የ2025–26 ከፍተኛው ፔል ግራንት፣ ማለትም ተመልሶ የማይጠየቀው ስጦታ፣ 7,395 ዶላር ነው፤ እንዳንቺ ያለ ቤተሰብ ያላት ተማሪ ብዙውን ጊዜ የምታገኘው ከፍተኛውን ወይም ወደዚያ የተጠጋውን ነው። የመጨረሻው ስሌት የኮሌጁ የገንዘብ እርዳታ (ፋይናንሺያል ኤይድ) ቢሮ ቢሆንም፣ ሙሉው ከተፈቀደልሽ 5,400 ዶላሩ ተከፍሎ 1,995 ዶላር ለመጽሐፍና ለትራንስፖርት ይተርፍሻል። ልክ የጎደለውን 3,500 ዶላር እንዲሞላ ሆኖ የቀረበልሽ ብድርም ለትምህርት ክፍያ አያስፈልግሽም ማለት ነው።

ማስተካከሉ ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ አስፈሪ አይደለም። ነገ ወደ ቢሮው ሄደሽ «በስህተት አክስቴን ወላጅ አድርጌ አስገብቻለሁ፤ ማረም እፈልጋለሁ» በዪ። ሆን ብሎ ሐሰተኛ መረጃ መስጠት እስከ 20,000 ዶላር የሚያስቀጣና የሚያሳስር ወንጀል ነው፤ ራስሽ ቀርበሽ የምታርሚው ስህተት ግን ለቢሮው ሠራተኞች የየቀን ሥራቸው ነው። ከዚያ በኋላ በማመልከቻው ላይ የአክስትሽን ስም አስወጥተሽ አባትሽንና እናትሽን በኢሜይል ትጋብዣለሽ። እነርሱም እያንዳንዳቸው በፌዴራሉ የተማሪዎች እርዳታ ድረ ገጽ ላይ የየራሳቸውን አካውንት ይከፍታሉ፤ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሌለው ወላጅም መክፈት ይችላል። በኢንተርኔት ጨርሶ ካልሆነ የወረቀት ፎርም ስላለ ተስፋ አትቁረጪ።

እዚህ ላይ የኛን ሰው የሚያደናቅፉ ሁለት ነገሮች አሉ፤ ስንት ሰው በእነርሱ ምክንያት ሳምንታት ሲያጣ አይቻለሁ። አንደኛው ስም ነው። ያንቺ የመጨረሻ ስም የአባትሽ ስም ነው፤ የአባትሽ የመጨረሻ ስም የአያትሽ ነው፤ የእናትሽ ደግሞ በእናትሽ በኩል ያሉት አያትሽ ስም ነው። አንድ ቤተሰብ፣ ሦስት የመጨረሻ ስሞች። ቤተሰብ የማይመስል መስሎሽ የአባትሽን ስም ካንቺ ጋር ለማመሳሰል አትሞክሪ፤ ያንቺ በሶሻል ሴኩሪቲ ካርድሽ ላይ እንዳለው፣ የእነርሱ በፓስፖርታቸው ወይም በመታወቂያቸው ላይ እንዳለው ይጻፍ፤ ፊደሉም በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ይሁን። ሁለተኛው የልደት ቀን ነው። አባትሽ የሚነግሩሽ ዓመተ ምሕረት በኛ አቆጣጠር ስለሚሆን ወደ አውሮፓውያኑ ሳትለውጪ ካስገባሽው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይዛነፋል። ቅዳሜ እዚህ ቀን 7 ሰዓት ሲሆን ደሴ እንደ ወቅቱ ማታ 2 ወይም 3 ሰዓት ነው፤ ስልክ የሚችል አንድ የሰፈር ልጅ አጠገባቸው አስቀምጠሽ በቪዲዮ ብትሠሩት ይቀላል። ፊርማው ግን የእነርሱ ነው፤ አንቺ በእነርሱ ስም አትፈርሚ።

ስለ 150 ዶላሩ ብዙ አልልም፤ ፋፍሳ የሚለው ምሕጻረ ቃል የሚጀምረው «ነጻ» በሚል ትርጉም ባለው ቃል መሆኑን ብቻ ልንገርሽ። ይልቅ ዛሬውኑ ወደ አካውንትሽ ገብተሽ የተመዘገበው ኢሜይልና ስልክ ያንቺ መሆኑን አረጋግጪ፤ የይለፍ ቃሉንም ለውጪ። ፎርም ሞይዎች የራሳቸውን ኢሜይል አስገብተው ተማሪዋ በዓመቱ ስትመለስ ወደ ገዛ አካውንቷ መግባት ሲያቅታት የታየ ነገር ነው።

አባትሽ ላነሱት ጥያቄ መልሱ አጭር ነው፤ በሚያውቁት ነገር እያመሳከርሽ ንገሪያቸው። በኢትዮጵያ፣ በ2003 እ.ኤ.አ. በወጣው ደንብ መሠረት፣ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የወጪ መጋራት ውል ፈርሞ ይማርና ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ ይከፍላል። ፔል ግራንት ይህን አይመስልም። በ1972 የተጀመረና በኋላም በሮድ አይላንዱ ሴናተር በክሌይቦርን ፔል ስም የተጠራ፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ተማሪዎች የሚሰጥ፣ ተምሮ ለጨረሰ ሰው ተመልሶ የማይጠየቅ ገንዘብ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በዲቪ በመጣ በሳምንቱም ቢሆን ሊያመለክት ይችላል። በሃይማኖቱ ምክንያት ወለድ ያለበትን ነገር የማይነካ አንባቢም ከፔል የሚሸሽበት ምክንያት የለውም፤ ወለድም ዕዳም የለውምና።

ወጪ መጋራትን የሚመስለው፣ ከእርሱም የሚጠነክረው፣ በደብዳቤሽ ላይ ከፔል ቀጥሎ ያለው ነው። ኮሌጆች ስጦታውንና ብድሩን በአንድ ሠንጠረዥ ደርድረው ከታች «ድምር» ብለው ሲጽፉ ሰው ሁሉንም «እርዳታ» ብሎ ይጠራዋል፤ በኔ እምነት ከደብዳቤው ውስጥ ብዙ ሰው ያሳሳተው ያ ድምር የሚለው መስመር ነው። አንቺ ወረቀቱን አውጪና «ሎን» (ብድር) የሚል ቃል ባለበት መስመር ሁሉ ላይ በእስክሪብቶ አስምሪበት። የተሰመረበት ያንቺ ገንዘብ አይደለም።

ሁለቱ ብድሮችም እርስ በርሳቸው ይለያያሉ። ሰብሲዳይዝድ የሚባለው፣ ቢያንስ በግማሽ ጊዜ ማለትም በሴሚስተር 6 ክሬዲት እስከተማርሽ ድረስ፣ ወለዱን መንግሥት ይሸፍንልሻል። አንሰብሲዳይዝድ የሚባለው ገንዘቡ ከተለቀቀበት ቀን ጀምሮ ወለድ ይቆጥርብሻል። በ2025–26 የሚወሰድ የፌዴራል ብድር ወለዱ ለመጀመሪያ ዲግሪና ከዚያ በታች ላሉ ተማሪዎች በዓመት 6.39 በመቶ ነው፤ ስለዚህ ያ 2,000 ዶላር አንቺ ክፍል ውስጥ ተቀምጠሽ በየዓመቱ ወደ 128 ዶላር ይወልዳል። ሁለቱንም ብትወስጂ 5,500 ዶላሩ በመደበኛው የአሥር ዓመት አከፋፈል በወር 62 ዶላር ያህል ያስከፍልሻል፤ በአሥር ዓመት ውስጥም ወደ 7,450 ዶላር ይደርሳል። ይህ የአንዱ ዓመት ብቻ ነው። በሁለተኛው ዓመት እንዳንቺ ያለች ተማሪ እስከ 6,500 ዶላር መበደር ትችላለች፤ ነርሲንግ ደግሞ ከቅድመ ትምህርቱ ጋር ከሁለት ዓመት በላይ የመውሰድ ልማድ አለው። የመክፈያው ጊዜ የሚጀምረው ከትምህርት ገበታ ከወጣሽ ወይም ከግማሽ ጊዜ በታች ከወረድሽ ከስድስት ወር በኋላ ነው፤ መመረቅሽን አይጠይቅም። ሳይከፈል 270 ቀን ካለፈ መንግሥት ፍርድ ቤት ሳይሄድ ከደመወዝ እስከ 15 በመቶ መቁረጥና የታክስ ተመላሽን መውሰድ ይችላል። በወረርሽኙ ጊዜ ቆሞ የነበረው ይህ የማስከፈል ሥራ ደግሞ በሜይ 2025 እንደገና ተጀምሮ ነበር።

አክስትሽ የሚፈሩት ይህንን ከሆነ ፍርሃታቸው ሥር አለው። ነገር ግን «ብድር የሚባል እንዳትነኪ» የሚለውን ቃላቸውን እንዳለ አልቀበለውም፤ ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ስለ ጊዜሽ ላውራ።

ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ርካሽ መሆኑ እውነት ነው። በ2024–25 በአገሪቱ የአንድ ዓመት አማካይ የትምህርት ክፍያ በሁለት ዓመት የመንግሥት ኮሌጅ ለአካባቢው ነዋሪ 4,050 ዶላር፣ በአራት ዓመት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለግዛቱ ነዋሪ 11,610 ዶላር ነበር። ታዲያ ክፍያው ይህን ያህል ዝቅተኛ ሆኖ ሳለ ሰው ለምን ያቋርጣል? የኔ መልስ፣ በሂሳብ ቢሮው መስኮት የሚከፈለው ከእውነተኛው ዋጋ ትንሹ ክፍል ስለሆነ ነው። ሙሉ ጊዜ ማለት በሴሚስተር 12 ክሬዲት ነው፤ ለእያንዳንዱ ክሬዲት በሳምንት አንድ ሰዓት ክፍል ውስጥ፣ ሁለት ሰዓት ደግሞ ለጥናት ተብሎ ይታሰባል። ይህ 36 ሰዓት ነው። አንቺ 40 ሰዓት ትሠሪያለሽ። 76 ሰዓት ሆነ፤ በእንግሊዝኛ የሚሰጠውን የአናቶሚና የማይክሮባዮሎጂ ትምህርት አንድ ገጽ ሁለት ጊዜ ለማንበብ የሚፈጀው ተጨማሪ ጊዜ አልተቆጠረበትም። ነርሲንግ ፕሮግራሙ የሚቀበለው ደግሞ በእነዚህ ትምህርቶች ውጤት እያወዳደረ ነው፤ ስለዚህ «ማለፍ ብቻ ይበቃኛል» የሚባልበት መስክ አይደለም። የኮሌጁ የወጪ ዝርዝር ኪራይ፣ ምግብ፣ መጽሐፍና ትራንስፖርት ይቆጥራል፤ «ደሴ» የሚል መስመር ግን የለውም። በየወሩ የምትልኪው ገንዘብ ካለ ፋፍሳው ላይም ከገቢሽ አይቀነስልሽም። ያ ገንዘብ የሚወጣው ከእንቅልፍሽ ወይም ከጥናትሽ ነው።

ስለዚህ ሁለት መንገድ አለሽ። አንደኛው በሴሚስተር 9 ክሬዲት ወስደሽ ሥራሽን ወደ 30 ሰዓት ማውረድ ነው፤ ፔሉ እንደ ክሬዲቱ መጠን ስለሚሰላ በ9 ክሬዲት የሙሉው 75 በመቶ ይሰጥሻል፤ የትምህርት ክፍያሽም አብሮ ይቀንሳል። ሁለተኛው 12 ክሬዲቱን ይዘሽ ሥራውን ወደ 20 ሰዓት ማውረድና የጎደለውን ደመወዝ በከፊል ከሰብሲዳይዝድ ብድሩ መሙላት ነው። እኔ አንቺን ብሆን የመጀመሪያውን ሴሚስተር በ9 ክሬዲት እጀምርና ብድሩን ሳልነካ አቆየዋለሁ። ብድሩን ዛሬ ባትቀበዪው አይጠፋም፤ በትምህርት ዘመኑ መሃል ተመልሰሽ ከፊሉን ብቻ፣ ለምሳሌ 1,500 ዶላር፣ ልትጠይቂ ትችያለሽ። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም፤ ምርጫው ሁሉንም መቀበል ወይም ሁሉንም መተው ብቻ ይመስለዋል። የክሊኒክ ልምምድ የምትጀምሪበት ሴሚስተር ሲመጣ፣ ማለዳ አውቶቡስ ሳይጀምር ሆስፒታል መድረስ ሲኖርብሽ፣ ሰዓት ለመግዛት የተበደርሽው ትንሽ ገንዘብ ራሱን ይከፍላል። ብድር ለመኪና ሲውል ግን፣ የአክስትሽ ልጅ ይቅር ይበለኝና፣ መኪናው አርጅቶ ከተሸጠ በኋላ ዕዳው ይቀራል።

ሰዎች የሚያስቡት በተማሪ ብድር የሚወድቀው ብዙ የተበደረ ሰው እንደሆነ ነው። ዕዳውን መክፈል አቅቶት የሚቀረው ግን በአብዛኛው ጥቂት ሺህ ዶላር ተበድሮ ትምህርቱን ሳይጨርስ የቀረው ነው፤ የነርስ ደመወዝ ሳይኖረው የነርስ ዕዳ ይዟልና። ስለዚህ ብድርን በተመለከተ ራስሽን የምትጠይቂው «ይህ ገንዘብ ትምህርቴን እንድጨርስ ይረዳኛል?» ብለሽ ይሁን።

በዚህ ላይ የራሴን ልንገርሽ፣ ባልኮራበትም። በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት ሦስት ትምህርት ይዤ ነበር፤ በአራተኛው ሳምንት የተሻለ የሚከፍል የሌሊት ሥራ ሳገኝ ለማንም ሳልናገር መሄዴን ተውኩ። ካልሄድኩ ይሰርዙኛል ብዬ ነበር። ሴሚስተሩ ሲያልቅ በፖስታ የመጣልኝ ሦስት ኤፍ እና 1,100 ዶላር የሚጠጋ ሂሳብ ነበር፤ ያንን እስክከፍል ትራንስክሪፕት አልሰጥም ተባልኩ፤ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ኮሌጁን አልወቅስም፤ ሕጉን ያላነበብኩት እኔ ነኝ። ሕጉ እንዲህ ነው፦ ተማሪ ከሴሚስተሩ 60 በመቶ ሳያልፍ ሙሉ በሙሉ ካቋረጠ፣ የፌዴራሉ እርዳታ በቆየበት ጊዜ ልክ ተሰልቶ ቀሪው ተመላሽ ይሆናል፤ ኮሌጁም ጉድለቱን ከተማሪው ይጠይቃል። በ15 ሳምንት ሴሚስተር ይህ ዘጠነኛው ሳምንት ማለቂያ አካባቢ ነው። ፔል ወደ ዕዳ የሚለወጥበት ዋናው በር ይህ ስለሆነ ለአባትሽ «አይመለስም» ስትያቸው ይህቺን ግን አብረሽ ያዢ። ኮሌጆች በተጨማሪ ቢያንስ የ2.0 አማካይ ውጤትና ከተመዘገብሽባቸው ክሬዲቶች ወደ 67 በመቶ የሚሆነውን ማጠናቀቅን ይጠይቃሉ፤ ከዚያ ከወረድሽ እርዳታው ይቆማል። ከአንድ ክፍል መውጣት ካስፈለገሽ መጀመሪያ የፋይናንሺያል ኤይዱን ቢሮ ጠይቂ፣ ከዚያ መውጣትሽን በጽሑፍ አሳውቂ።

ስለ እንግሊዝኛም አንድ ነገር ልጨምር። የመግቢያ ፈተናው ወደ እንግሊዝኛ ቋንቋ ትምህርት ከመደበሽ፣ ያ ትምህርት ክሬዲት ያለው ነው ወይስ የሌለው ብለሽ ጠይቂ። ክሬዲት የሌለውን ፔል ብዙውን ጊዜ አይከፍልም፤ ክሬዲት ያለውን ቢከፍልም ለዕድሜ ልክሽ ከተመደበልሽ 12 የሙሉ ጊዜ ሴሚስተር ላይ ይቀነሳል። ወደ ፊት የመጀመሪያ ዲግሪሽን ለመጨረስ ወደ ዩኒቨርሲቲ መዛወርሽ ስለማይቀር ያንን ቆጥበሽ ተጠቀሚበት።

የግል ትምህርት ቤቱን በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው፤ አትግቢ። 19,000 ዶላር ያንቺ ኮሌጅ ለሦስት ዓመት ተኩል ከሚያስከፍለው ይበልጣል፤ የሚሰጥሽም የነርስነት ፈቃድ ፈተና ላይ የሚያስቀምጥ ትምህርት አይደለም። ትምህርት ቤቱን በስም አላውቀውምና ክፉ ነው አልልም። ቢሆንም እግርሽ ወደዚያ ከሄደ ሁለት ጥያቄ ይዘሽ ሂጂ፦ ክሬዲታችሁን የካውንቲው ኮሌጅ ይቀበለዋል? ገንዘቡስ የፌዴራል ብድር ነው ወይስ የግል ባንክ? በግል ባንክ ብድር ላይ ወለዱን የሚሸፍን መንግሥት የለም፤ ብዙውን ጊዜም ዋስ ይፈርም ይባላል፤ ያ ዋስ አክስትሽ ይሆናሉ። ኮሪንቲያን ኮሌጅስ የሚባለው ግዙፍ የግል የትምህርት ድርጅት በ2015 በሩን ሲዘጋ ተማሪዎቹ ዕዳቸውን ይዘው ቀሩ፤ መንግሥት የ560,000 ያህል ሰዎችን 5.8 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ መሰረዙን ያስታወቀው በ2022 ነው። ሰባት ዓመት መጠበቅ ነበረባቸው።

ዕቁቡ ይቀረናል። አክስትሽ ያሉት ሞኝነት አይደለም፤ ወለድ የለውም፤ ሰውን መቆጠብም ያስለምዳል። ችግሩ ዕጣው የሚወጣበትን ቀን ኮሌጁ አይጠብቅሽም፤ የመጨረሻዋ ዕጣ ያንቺ ከሆነች ሴሚስተሩ ካለቀ በኋላ ገንዘብ ይደርስሻል። ኮሌጆች ራሳቸው ያላቸው ወርኃዊ የአከፋፈል ስምምነት በትንሽ የመመዝገቢያ ክፍያ፣ ያለ ወለድ፣ ሂሳቡን ከአራት እስከ አምስት ወር ይከፋፍልልሻል። ላንቺ አሁን የሚያስፈልግሽም ይኸው ነው። የፋፍሳው እርማት ታይቶ አዲሱ ደብዳቤ እስኪመጣ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፤ የመክፈያው ቀን ደግሞ ከዚያ በፊት ሊደርስ ይችላል፤ ያልተከፈለለትን ተማሪ ከክፍል የሚሰርዙ ኮሌጆችም አሉ። ስለዚህ ወደ ፋይናንሺያል ኤይዱ ቢሮ በምትሄጂበት ቀን ከዚያው ሳትወጪ ወደ ሂሳብ ክፍል ጎራ ብለሽ እርማት ላይ መሆንሽን ንገሪያቸው፤ ቀኑን እንዲያራዝሙልሽ ጠይቂ፤ ካልተቻለም በስምምነቱ ተመዝግበሽ የመጀመሪያውን ወር ክፈዪ። አዲሱ ፔል ሲገባ የከፈልሽው ተመልሶ ይመጣልሻል፤ ደረሰኙን ግን አትጣይ።